የአራሷ ምሳ፦ በደሴ አንድ ሰፈር የገጠመን

ለምን እንደጻፍኩት

ይህን የአንዲት አራስ ጎረቤታችንን ታሪክ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ "ምን ሰጣችኋት?" ነው። ጤፍ ነው? ብር ነው? እኔን ያስተማረኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ የሰጠናት እህል አፏ ሳይደርስ ስንት ቦታ እንደሚቀር።

ነገሩ የሆነው ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ከየካቲት እስከ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነው። የጤና ባለሙያ አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ፣ የሴቶች ቅሬያችን (ሌላ ቦታ እድር የሚሉት) ጸሐፊም ስለሆንኩ ደብተሩ እኔ ጋ ነው ያለው። ኪሎውም፣ ሴንቲ ሜትሩም፣ ብሩም ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ለእናትየዋ አንብቤላት "ዘይቱንም ጻፊው" ብላኛለች። የዘይቱ ነገር ወደፊት ይመጣል።

እናትየዋ

ዕድሜዋ 24 ነው። ከገጠር ወረዳ መጥታ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። እርግዝናው ሲገፋ ቀኑን ሙሉ መሥራቱ ከበዳትና አንድ ቀን የመልቀቂያ ወረቀት ፈርማ ወጣች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዟ እንድታርፍ ይፈቅዳል። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። እኛም የሰማነው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናው ሥራ ሲያቆም ወደ አፋር ወረደ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ይልክ ነበር፣ ከዚያ ስልኩ ዝግ ሆነ። እሷ የሦስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች።

እኛ አገር ሴት ስትወልድ እናቷ መጥታ ታርሳታለች። ገንፎው ይገነፋል፣ አጃው ይፈላል፣ ክርስቲያኑ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሙስሊሙ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" እያለ ይገባል፣ ባዶ እጁን የሚገባም የለም። የእሷ እናት ግን አልመጣችም። ያኔ መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። ሰፈሩም ገና አያውቃትም፤ ከገባች አራት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር።

ያየነው ችግር

የካቲት 4 በጤና ጣቢያ ወለደች። ሴት ልጅ፣ 2.8 ኪሎ። በዘጠነኛው ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ የጎን ጎረቤቷ "ከዚያ ቤት እስካሁን ገንፎ ሸትቶኝ አያውቅም" አለች። ስኒያችንን አስቀምጠን ተነሳን።

ቤቱ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፔርሙዝ ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ። ሰሃን ላይ ድርቆሽ። ልጁ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። ከሕፃኗ ራስጌ አንድ ስኒ፣ ስኒው ውስጥ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃና የሻይ ማንኪያ።

"ጡቴ ደርቋል" አለችን። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

በማግስቱ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሚዛን ይዛ መጣች። ሕፃኗ 2.5 ኪሎ ሆናለች። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ግን የተወለደበትን ኪሎ መመለስ አለበት። ይህቺ ገና ወደ ታች ነበረች። የእናትየዋ የክንድ ዙሪያ ተለካ፣ 23.2 ሴንቲ ሜትር። ለአጥቢ እናት የተጨማሪ ምግብ እርዳታ የሚጀምረው ከ23 በታች ነው። በ2 ሚሊ ሜትር "ደህና ነሽ" ተባለች።

ባለሙያዋ ያለችን ነገር ግን አስገረመን። እኛ ወተቱ የጠፋው ስላልበላች ነው ብለን ነበር የገባነው። እሷ እንዳለችው የተራበች እናት ጡት በቀላሉ አይደርቅም፤ ሰውነቷ ከራሱ ሥጋ እየቀነሰ ወተቱን ይሠራል፣ የምትጎዳው መጀመሪያ እናትየዋ ናት። ወተት የሚቀንሰው ሕፃኑ በደንብ ካልጠባ ነው። ሕፃኗ የያዘችው የጡቱን ጫፍ ብቻ ነበር። የስኳር ውሃው ደግሞ ሆዷን ሞልቶ ያስተኛታል። ስኒው ተነሳ። "አፏን ሰፋ አድርጋ ጥቁሩንም ጭምር ትያዝ፣ ቀንና ሌሊት ቢያንስ ስምንት ጊዜ" አለች። እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኗ ስትውጥ እስክንሰማ ድረስ አልተነሳችም።

ለእናትየዋ ያለችው አጭር ነው። የምታጠባ ሴት ከወትሮው ገበታ ሌላ በቀን ሁለት ጊዜ መጨመር አለባት፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ አንድ። የዚህች ወትሮዋ ራሱ በቀን አንዴ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው

እንደ ወጉ አዋጣን። 15 ኪሎ ስንዴ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ 5 ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ አብሽ፣ ተልባ። አንዲት ጎረቤት የጣሳ ወተት ገዝታ መጣች። ባለሙያዋ "ይህን መልሺው" አለቻት፤ ውሃው መፍላት አለበት፣ ጡጦው መቀቀል አለበት፣ ጣሳው ሲያልቅ ሌላ ማን ይገዛል፣ እስከዚያ ደግሞ የእናትየዋ ወተት ይቀንሳል። ጎረቤታችን ተቀይማ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳችን። እውነት ለመናገር እኔም በሆዴ ከእሷ ጋር ነበርኩ፣ ኋላ ነው የገባኝ።

በአምስተኛው ቀን ሄጄ ሳይ ስንዴው እንደታሰረ ነው። ማን ወፍጮ ቤት ይወስደዋል? የወፍጮው ከየት ይመጣል? ከሰሉስ? የወለደች ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላትም፣ አንዱን ልጅ ታቅፋ ሌላውን ማን ላይ ጥላ ትወጣለች። ይህን ሁሉ ሴቶች ሆነን ማናችንም አላሰብነውም። ዘይቱ ደግሞ ቤት ውስጥ የለም።

"ዘይቱስ?" አልኳት።

"ሸጥኩት ቲቸር።"

ደሜ ፈላ። ያዋጣችው ሴት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። እሷ ግን ዓይኗን ሳትሰብር "የሁለት ወር ኪራይ ነበረብኝ" አለች። "ዘይት ባይኖር ሽሮ በውሃ ይበላል። ቤቱ ባይኖር ልጆቼን የት ላድርጋቸው?"

ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ላይ ሳስበው እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ዘይቱን የሰጠናት እኛ የሚያስፈልጋትን እናውቃለን ብለን ነው፣ ዕዳ አለብሽ ወይ ብሎ ግን የጠየቃት አልነበረም።

ተረኛ ቤት

ከየካቲት 20 ጀምሮ ጥሬ መስጠት አቆምን። ሰባት ቤት ተመረጠ፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቀን። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን እንጀራ በወጥ፣ ለማታ በፔርሙዝ አጥሚት። የተለየ ነገር አይበስልም፣ ቤተሰቡ ከሚበላው ላይ ነው የሚቀነሰው። ስንዴውን አስፈጭተን ለተረኞቹ አከፋፈልነው። ሁለት ደንብ አወጣን። የልጁ ሰሃን ለብቻው ይሁን፣ ምግቡን ያመጣችው ሴት ደግሞ እናትየዋ በልታ እስክትጨርስ ትቀመጥ። ሁለተኛው ደንብ መጀመሪያ ቁጥጥር ይመስል ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ጨዋታ ሆነ፣ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው ተገኘ፣ እሷም በሁለት እጇ መብላት ጀመረች።

ለኪራዩ ቅሬውን ጠየቅን። "ቅሬ ለሞት ነው፣ ለወሊድ የሚል ደንብ የለንም" ተባለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት "እንግዲያ ትሙትና እንርዳታ!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደንቡ ግን አልተለወጠም። 14 ሴቶች ለብቻችን በሳምንት 50 ብር ማዋጣት ያዝን፣ 700 ብር ማለት ነው። መጀመሪያ ኪራይ፣ የተረፈው ለከሰልና ለወፍጮ። ብሩ ከምግቡ ይልቅ ኪራዩ ላይ ሲውል ያጉረመረሙ ነበሩ። ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ ግን አንድም ነገር አልተሸጠም።

የካቲት 30 ሕፃኗ 3 ኪሎ ገባች። ሰፈሩ "አብሹ ነው!" አለ። አብሽ አልጠላም፣ እናቴም ጠጥታ ነው ያጠባችኝ። ግን ኪሎው መነሳት የጀመረው ስኒው የተነሳና አያያዙ የተስተካከለ ሰሞን ነው፣ ከተረኛ ቤቱም በፊት። ምግባችን የጠቀመው በዋናነት እናትየዋን ነው፤ ቆማ መሄድ ቻለች፣ ፊቷ ተመለሰ። ሁለቱን ነገር ብንቀላቅለው ኖሮ በሌላ ጊዜ አብሽ ብቻ ይዘን እንሄድ ነበር።

መጋቢት 2

በ2016 ረመዳንና ዐቢይ ጾም የገቡት በአንድ ቀን ነው፣ ሰኞ መጋቢት 2። ደሴ ላይ ይህ ማለት ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ነው ማለት ነው። ደስ ይላል። እኛ ግን ተራውን ስናወጣ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ከሰዓት ብቅ ስል ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። የዕለቱ ተረኛ ሙስሊም ናት፣ ቤቷ እሳት የሚነደው ለማታ ነው። የሰኞዋ ክርስቲያን ናት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አታበስልም፣ ቅቤና ወተትም ቤቷ አይገባም፣ የፍስክ ዕቃውን ሁሉ አጥባ ሰቅላዋለች። ማንም አልከፋባትም። ምሳ የሚባል ነገር ከሰፈሩ ጠፍቶ ነው።

ሁለት ሦስት ቀን ተደናበርን። በሶና ቆሎ አስቀመጥንላት፣ በሶ እሳት አይፈልግምና ለሌሊትም ሆናት። መፍትሔውን ያመጣችው ግን የአንደኛ ክፍል ልጄ ጓደኛ እናት ናት። "እኔ ቤትማ ምሳ አለ፣ ልጆቼ ይጾማሉ እንዴ?" አለች።

ሕፃን ያለበት ቤት ሁሌም ምሳ ይበስላል። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ለውጥ የለውም።

ተራውን ከስሩ ቀየርነው። ምሳ ትንንሽ ልጆች ካሉባቸው አምስት ቤቶች። ማታ ከሙስሊሞቹ ቤት፣ ለማፍጠሪያ ከተሠራው ሾርባ፣ ቴምርና ሳምቡሳ፤ እንቁላልና ወተትም ከዚያው። ቀን የክርስቲያኖቹ ምስር፣ ማታ የሙስሊሞቹ ሾርባ። ሳናስበው ገበታዋ ከቀድሞው የተሻለ ሆነ።

ሌላ ነገር ተከተለ። መጋቢት 14 አርባዋ ወጣና መጾም ጀመረች። ማንንም አላማከረችም። በሦስተኛው ቀን ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አዞራት። እኛ ብንናገር አልሰማችም፣ "በጾም አትግቡብኝ" አለች፣ ልክም ናት። የሰፈራችን ሼህ ተጠርተው መጡ። የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች እንደምታፈጥርና ኋላ ቀዷ እንደምታወጣ፣ ማለትም ያፈጠረችውን ቀን በሌላ ጊዜ እንደምትጾም ነገሯት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ሳምንት ቀደም ብለን ብንጠራቸው ኖሮ ባላዞራት።

ያላየነው ልጅ

መጋቢት 20 ባለሙያዋ እንደገና መጣች። የእናትየዋ ክንድ 22.7 ሆኗል። የጾሙ መጀመሪያ መደናገርና የሦስቱ ቀን ጾም ነው መሰለኝ። "አሁን ትመዘገቢያለሽ" ተባለች። እርዳታ ለማግኘት መጀመሪያ መክሳት አለብሽ ማለት ነው። መስፈርት የግድ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፣ የሚታደለው ውስን ነው። ቢሆንም የዚያን ቀን ሳቄም እንባዬም መጣ።

ከዚያ ባለሙያዋ ዞር አለችና በሩ ላይ ቆሞ የሚያየንን ልጅ "ና እስቲ አንተ" አለችው። ክንዱ 12.2። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 በታች መካከለኛ የምግብ እጥረት ነው፣ ከ11.5 በታች ከባድ። ከሦስቱ በጣም የተጎዳው እሱ ነበር። ከአንድ ወር በላይ በዚያ በር ስንገባና ስንወጣ ማንም ክንዱን አልለካም። ሁላችንም አራሷንና ሕፃኗን ነበር የምናየው። ሰሃኑን ለብቻው ያደረግንለትም ከእናቱ እንዳይበላ ብለን ነበር፣ ለእሱ ብለን አይደለም። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል።

የካቲት ላይ ተለክቶ ቢሆን ቤቱ ያኔውኑ ወደ እርዳታው ሊገባ ይችል ነበር፣ በእሱ በኩል። ለልጁ ፕላምፒ የሚባለው የታሸገ የኦቾሎኒ ምግብ፣ ለእሷ ዱቄትና ዘይት ከጤና ጣቢያው መውሰድ ጀመሩ። ዱቄቱ አንድ ወር መጣ፣ አንድ ወር ዘለለ። ሲመጣም የአንድ ሰው ድርሻ ለሦስት ነው፤ የተራበ ልጅ እያየ ለብቻዋ የምትበላ እናት የለችም። ተረኛ ቤቱን ያላቆምነው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ

ችግረኛ ቤተሰቦችን በአካባቢ ሥራ እያሠራ የሚከፍለው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። በፕሮግራሙ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ከአካባቢ ሥራው አርፋ ክፍያዋ ይቀጥል ነበር። ለእሷ የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ግን መጀመሪያ ነዋሪ መሆን አለብሽ፣ ነዋሪ ለመሆን መታወቂያ፣ ለመታወቂያ ከመጣሽበት ቀበሌ መሸኛ። መሸኛው ያለው መንገዱ ከተዘጋበት ወረዳ ነው።

ብዙ ደወልን። ብዙ ተመላለስን። መታወቂያው ሰኔ ላይ ወጣ፣ ምዝገባው ግን አልፎ ነበር። ይህ አልተሳካልንም። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የት ደረሱ

በሐምሌ የእናትየዋ ክንድ 23.6 ሆነ። የልጁ 12.9። ሕፃኗ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ስድስት ወር ሞላት፣ 6.9 ኪሎ፤ እስከዚያ ከጡት በቀር ውሃ እንኳ አልቀመሰችም፣ ከዚያች ስኒ በኋላ ማለቴ ነው። ተረኛ ቤቱ ሰኔ ላይ ቆመ፣ እሷ ራሷ "ይበቃል" ብላ። አሁን ለሁለት ቤት እንጀራ ትጋግራለች። ባሏ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእነሱ ጉዳይ ነው።

ለሌላ ሰፈር የሚሆነው

ይህን ሥራ የሚጀምር ካለ ከእኛ ስህተት ይነሳ። ጥሬ ከመስጠት በፊት ወፍጮው፣ ከሰሉና ተሸካሚው ይታሰብ። ኪራይ አለባት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለባት የምትሰጧት ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል፣ መሄዱም ትክክል ነው። ጡት ደረቀ የምትል እናት ዘንድ ከገንፎው ጋር የጡት አያያዝ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ክንዱ ይለካ። ተራ ስታወጡ የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ከፊታችሁ ዘርጉ፣ ሼሁም የነፍስ አባቱም በጊዜ ይጠሩ፤ ጎረቤት የማይደፍረውን እነሱ በአንድ ቃል ይጨርሱታል።

ገጠር ወረዳ ላይ ይህ እንዳለ ላይሠራ ይችላል። እኛ ሰባት ቤት በሁለት ደቂቃ መንገድ ውስጥ ነበርን።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን ጊዜው ነው። መልቀቂያውን ከመፈረሟ በፊት ብናውቃት የ120 ቀን ደመወዝ ነበራት፣ መሸኛውንም በእርግዝናዋ ወራት እንጀምረው ነበር። እኛ የደረስነው ከወለደች በዘጠነኛው ቀን ነው።

አሁን ሰፈራችን ሁለት ነፍሰ ጡሮች አሉ። አንዷ ተከራይ ናት፣ ገና ሦስት ወሯ። ባለፈው ሳምንት ቡና ጠራናት። መታወቂያ አላት፣ ዕዳ የለባትም፣ የምትሠራው ሱቅ ውስጥ ነው፣ የቅጥር ወረቀቷን አምጥታ አብረን አነበብነው። ደብተሩ ላይ በስሟ ሥር ትንንሽ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች ጽፌያለሁ። እስካሁን ስድስት ናቸው።